የጋሽ ተክሌ ጦስኝ

አርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ላይ አሥር ዓመቴ ነበር። አሥር የምለው እናቴ በነገረችኝ ነው፤ ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ወለድኩህ ትለኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔው ቆጠርኩ። የጻፈልኝ ሰው የለም። እኔም ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልሄድኩም፤ የእኔ ዘመን ሰዎች ይህን ስታነቡ ፊደሉ ቢጣመም እለፉኝ። የምጽፈው ስለ አንዲት ጦስኝ ነው። ዛሬ በካርቶን ታሽጋ ሱቅ የምትሸጠውን ማለቴ አይደለም። ከነሥሯ፣ ከነአፈሯ፣ ከመንዝ ድሬዳዋ ድረስ በሰው ጭን ላይ ተቀምጣ የመጣችውን ነው።

ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው ከአንድ አልጋ ብዙም የማይበልጥ። አባቴ ወልዴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ያን ትልቅ ቁልፍ በትከሻው ተሸክሞ ሐዲዱን እየተከተለ የላላ ብሎን ሲያጠብቅ ይውላል። ሲመጣ የጋለ ብረትና የግራሶ ሽታ ይዞ ይገባል። እናቴ አስካለ ትባላለች። ሁለቱም መንዝ ተወልደው በጋብቻቸው ዓመት ሥራ ፍለጋ የወረዱ ናቸው። እኔ ግን የድሬ ልጅ ነኝ። መንዝን የማውቀው በወሬ ነበር፤ ብርዱን፣ ጉሙን፣ ገብሱን። አባቴ ስለ ብርድ ሲያወራ እኔ ላብ በላብ ሆኜ እሰማዋለሁ፣ ተረት ይመስለኛል።

ድሬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው የለም። ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ይቆማል፣ ውሻው እንኳ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ከተማው በሙሉ ሽርጡን አገልድሞ ይተኛል። የእኛ የልጆቹ ሰዓት ያ ነበር። ደቻቱ ወንዝ ወርደን በደረቁ አሸዋ ላይ ብይ እንጫወታለን፤ አሸዋው እግር ያቃጥላል፣ እኛ ግን አንድ እግር እያነሳን አንድ እግር እየጣልን እንጫወታለን። አንዱ በኦሮምኛ ይሳደባል፣ አንዱ በሶማሊኛ ይመልሳል፣ ሲጣሉ በአረብኛ ይምላሉ። አማርኛው ለአስታራቂው ነበር። ከአትክልቱ ቦታ ግንብ ጀርባ የማንጎ ሽታ ይመጣል፤ ዘበኛው መተኛቱን አረጋግጠን እንዘላለን። እንዲህ ያለ ቦታ የሚተው ልጅ ካለ ያመመው ነው።

ጎረቤታችን ሃዋ የምትባል የሶማሌ ሴት ነበረች። ኤዶ ሃዋ እንላት ነበር፣ በነሱ ቋንቋ አክስት እንደማለት ነው። ባሏ ሞቶባታል። ጠዋት ጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርዳ የግመል ወተት ትሸጣለች፣ ከሰዓት አጥሩ ሥር ጥላ ፈልጋ ትቀመጣለች። አንዲት ፍየል ነበረቻት፤ ከሰው ይልቅ ከዚያች ፍየል ጋር ነበር የምትጨቃጨቀው። አማርኛዋ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ እናቴን «አስካለ፣ አንተ ና» ትላታለች። እናቴም ለምዳ አቤት ትላለች። ታናሽ እህቴ ዘውዲቱ በወባ ስትታመም ሦስት ቀን ሙሉ እግሯ ሥር ተቀምጣ በእርጥብ ጨርቅ ያበረደቻት ኤዶ ሃዋ ናት። ዘውዲቱ አልተረፈችም። ሦስት ዓመቷ ነበር። ይህ የሆነው ጦስኟ ከመምጣቷ ከአንድ ዓመት በፊት ነው።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተክሌ ከመንዝ መጣ። አይቼው አላውቅም ነበር። ረጅም፣ ጋቢው ከባድ፣ ጢሙ ነጭ። በዚያ ሙቀት ጋቢውን ሳያወልቅ ከጣቢያው እስከ ቤታችን መጣ፣ አጠገቡ ስቆም የበግና የጭስ ሽታ ሸተተኝ። እቅፉ ውስጥ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሕፃን ልጅ መስሎኝ ነበር፣ አያያዙ እንደዚያ ነው። ሲፈታው አፈር ነው፤ አፈሩ ላይ ከጣት የማትረዝም፣ ቅጠሏ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ምንጣፍ የመሰለች ሣር ነገር ተንጠፍጥፋለች። «ጦስኝ የምትሉት ይቺ ናት?» አልኩ። ጋሽ ተክሌ በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረጋትና ጣቱን አፍንጫዬ ሥር አመጣው። እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ያንን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ያውቀዋል። የሚቀዘቅዝ ሽታ ነው።

እናቴ ከላይ ከላዩ ቆንጥራ ሻይ አፈላችበት። አባቴ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንፋሎቱ ላይ ፊቱን ደፍቶ ቆየ። አልጠጣውም። ጋሽ ተክሌ ይሄን አይቶ ነው መሰለኝ የመጣበትን ነገር እዚያው አነሳው።

«ወልዴ፣ እኔ ልጅ አልሰጠኝም። ጉልበቴም አልቋል። ያባታችንን መሬት የሚያርስ ከሌለ ነገ ሌላ ዘመድ ይተከልበታል። ናና ግባ።»

አባቴ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ አገር ለእኛ ዓይነት ሰው አይሆንም። አንዷን በላ። ይሄኛውንስ እስኪበላ ነው የምትጠብቀው?» አለና በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

እናቴ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች። አባቴ ጭንቅላቱን ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ ግን…» ብሎ ግኑን ሳይጨርሰው ቀረ። አባቴ ለታላቅ ወንድሙ እምቢ ማለት አይሆንለትም። በዚህ መሃል ጋሽ ተክሌ መሬት ላይ ያለችውን ጦስኝ አየ።

«ተወው። አንተም አትናገር፣ እኔም አልናገር። ይቺን ግቢህ ውስጥ እተክላታለሁ። ለፋሲካ ስመለስ አረንጓዴ ሆና ካገኘኋት የእኛ ነገር እዚህም ይኖራል ማለት ነው፤ ሁለተኛ ና አልልህም። ሞታ ካገኘኋት ግን ጓዝህን ታስራለህ። ይሆናል?»

«ይሆናል» አለ አባቴ። መዳፍ ለመዳፍ ተመታቱ። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ነበር። ደቻቱም፣ ጓደኞቼም፣ ማንጎውም፣ ሁሉም ነገሬ በዚያች ጣት በማታህል ቅጠል ላይ ሲንጠለጠል አየሁት።

በማግስቱ ጋሽ ተክሌ ራሱ ተከላት። እኔን ደቻቱ ልኮ ጠጠርና አሸዋ በገረወይና አስመጣኝ፣ አጥሩ ሥር ጥላ ያለበትን ጥግ መረጠ፣ መሬቱን ክንድ ያህል ቆፍሮ ጠጠሩን ከታች አደረገ፣ አሸዋውን ከራሷ አፈር ጋር ቀላቀለ። አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰሰባት። «ዛሬ ብቻ» አለ። «ከዚህ ወዲያ አትንኳት። እኛ አገር ማን ያጠጣታል? ድንጋይ ላይ ነው የምትወለደው፣ በጋውን በጤዛ ነው የምታልፈው።» አባቴም እኔና እናቴን አስቀምጦ፣ «የወንድሜን ቃል በውሃ የሚያታልል ካለ እጁን እሰብራለሁ። ብትኖርም ራሷ ትኑር፣ ብትሞትም ራሷ ትሙት» አለ። አባቴ እጄን እሰብራለሁ ካለ ይሰብራል፣ ቀልድ አያውቅም።

ጋሽ ተክሌ ሄደ። ሁለት ሳምንት ጦስኟ ደህና ነበረች። ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ እሷን አያለሁ። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። የካቲት ሲጋመስ የቅጠሎቿ ጫፍ ቡናማ ሆነ። ትንሽ ነበር፣ ጫፍ ጫፉ ብቻ፤ ለእኔ ግን ጓዝ ሲታሰር ታየኝ። በዚያ ላይ ያን ዓመት በልጉ ቀረ። አስቡት፣ እኛ ሰዎቹ እንኳ ጣሪያው ሥር ስንቀቀል የምንውልበት አገር ነው፤ አንዲት የደጋ ቅጠል እንዴት ያለ ውሃ ትቆያለች? ማንም ያላስተማረኝን ነገር በራሴ ጭንቅላት አሰብኩና ወሰንኩ።

ጣቢያው አጠገብ ባቡሩ ውሃ የሚሞላበት ማማ ነበር፣ ከአንገቱ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል። ከተማው ሲተኛ ጣሳዬን ከሥሩ እደቅናለሁ፣ እስኪሞላ ሐዲዱ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሐዲዱ ቂጥ ያቃጥላል። ሲሞላ በአጥሩ ጥግ ተሹለክልኬ እገባለሁ፣ እናቴ መተኛቷን አያለሁ፣ ጦስኟ ላይ አፈሳለሁ፣ እርጥቡ እንዳይታወቅ ላዩን ደረቅ አሸዋ እበትንበታለሁ። በማግስቱ ሳያት ጫፉ አልዳነም። ስለዚህ ሁለት ጣሳ አደረግኩት። ቡናማው ቢጫ ሆነ። ሦስት አደረግኩት። ጓደኞቼ ለብይ ሲጠሩኝ፣ «አቦ ተዉኝ፣ ሥራ አለብኝ» እላለሁ። ይስቁብኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ወር የደከምኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ኋላ አርባ ዓመት ቁልፍ ተሸክሜ ሐዲድ ላይ ስሠራ እንኳ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ቢጫው ጠቆረ። እንዲያው ሳስበው የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ በጥማት የሞተ ቅጠል ይደርቃል፣ በጣትህ ስትይዘው ይሰበራል። የእኛዋ ግን ትለሰልስ ነበር። ዓይን እያየ አእምሮ አላየም። ያን ቀን ቀትር ላይ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ጣሳ ለመድፋት በአጥሩ ጥግ ስገባ አባቴን አየሁት። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረበት። ጦስኟ ፊት ቁጢጥ ብሏል። በእጁ ለራሱ መጠጫ የሚይዛት፣ በጆንያ የተሸፈነች የውሃ ኮዳ አለች፣ ዘቅዝቋታል። ውሃው ቧ ቧ ይላል።

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። አባቴ ዞረ። እኔን አየ፣ ጣሳውን አየ፣ መሬት ላይ የሚሮጠውን ውሃ አየ። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ፣ ይሰብረዋል ብዬ። እሱም ኮዳውን ወደ ኋላው ደበቀ። እንዲህ ተያይተን ሳንጨርስ እናቴ ከቤት ወጣች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ይዛ፣ ግራና ቀኝ እያየች። ሦስታችንም ደርቀን ቀረን።

ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ሰማን። ኤዶ ሃዋ አልተኛችም ነበር።

«ዛሬ አንድ ላይ ሆነ?» አለች። «ጠዋት ጠዋት አስካለ ያጠጣል። ቀትር ልጁ ታጠጣለች። ማታ ወልዴ ትመጣለች፣ ዞር ዞር ትላለች፣ ታጠጣለች። ወላሂ ሩዝ ተከሉ ብዬ ነበር!»

«ስታዪን ነበር?» አለች እናቴ።

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የክርስቲያን ነገር መስሎኝ!» አለች ኤዶ ሃዋ፣ ደረቷን እየመታች። «አንድ አንድ ሆኖ ይመጣል፣ ማንም ሳያየው ውሃ ያፈሳል፣ በልቡ የሆነ ነገር ይላል፣ ይሄዳል። ጠበላችሁ ነው አልኩ። የሰው ሃይማኖት ውስጥ እኔ ምን አገባኝ?»

ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች፣ ጣቷን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተተች፣ አውጥታ አሸተተችው፣ ለአባቴም አፍንጫ አስጠጋችው። ጭቃ ነበር፣ የበሰበሰ ጭቃ። «ጥማት አይደለም» አለች። አሁን አልሳቀችም። «የእኛ በረሃ ላይ እንዲህ ያለ ቅጠል አለ፣ ሻይ ላይ እናደርገዋለን። ዝናብ ሲበዛበት ነው የሚሞት። እናንተ አሰጠማችሁት።»

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ እርጥቡ ላይ። «እኔ ምን ነካኝ» አለ። «ተራራ ላይ ከሷ ጋር ያደግኩ ሰው። አላውቅም ነበር? አውቃለሁ።» እናቴ አጠገቡ ተቀመጠች። እንዲህ ጎን ለጎን መሬት ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። «አንተ መሄዱን የምትፈልግ መስሎኝ ነበር» አለችው። «እኔ ዘውዲቱን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥዬ የት ነው የምሄደው? ማን ሊጎበኛት? መቃብሯን እንኳ የሚያርም የለም።» አባቴም፣ «እኔ እዚያ የተክሌ ታናሽ ነኝ» አላት። «እዚህ ወልዴ ነኝ።» እኔን ምክንያቴን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ብይ ነው የምለው፣ ስለዚህ እንኳን አልጠየቁኝ።

ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። እናቴ ምን እንደምንል ስትጨነቅ ኤዶ ሃዋ መላ አመጣች። «ፍየሌ በላው በሉት። ጭንቅ የለም። ፍየሌ አይከራከርም።» እናቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ደግሞ ከልቤ ደገፍኩ፤ ፍየሏን ወደ ግቢው አስገብቼ ምስክር እንድትሆን ላስጋጣት ሁሉ ዝግጁ ነበርኩ። አባቴ ግን፣ «ወንድሜን በፍየል አላታልለውም። እንደሞተች ትቁም፣ ይምጣና ይያት» አለ። ማንም እንዳይነካት በዙሪያዋ ድንጋይ ደረደረ።  እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የማይጠቅመንን ዕቃ ለይታ አንድ ጥግ ማስቀመጥ ጀመረች። እኔ ብዮቼን ለጓደኞቼ አከፋፈልኩ፤ በኋላ ስንጣላ መልሱልኝ ብል እምቢ አሉኝ፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

ጋሽ ተክሌ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ከሰዓት መጣ። ከጥር ወዲህ አርጅቷል። ዱላ ይዟል፣ ትከሻው ላይ ኮርጆ አንግቷል። ጤና ይስጥልኝ ብሎ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ በቀጥታ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። ዱላውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ፣ አንድ የጠቆረ ግንጥል ቆርጦ በጣቶቹ አሸ፣ አሸተተ። ሽታ አልነበራትም። አፈሩን ቆነጠረ። 

«ማነው ያጠጣት?» አለ፣ ዞር ሳይል።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ አባቴ።

«እኔም አጠጥቻለሁ» አለች እናቴ ከበሩ። «ዋሽቼ አልኖርም።»

እኔም፣ «እኔ ነኝ የበለጠ ያጠጣሁት» አልኩ። ለምን እንደፎከርኩ አላውቅም።

ጋሽ ተክሌ ዞሮ ሦስታችንን ተራ በተራ አየን። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ድካም ነው ፊቱ ላይ የመጣው። «ሦስታችሁም?» አለ። «እኔ እኮ ተሸንፌ ነው የመጣሁት ማለት ነው። ሦስት ሰው እዚህ ልቅር ብሎ ተደብቆ የሚያጠጣትን ነገር እኔ ሞተች ብዬ ምን እጠይቅበታለሁ?» እጁን ለአባቴ ዘረጋ፣ አባቴ ደግፎ አነሳው። «እዚሁ አገርህ ተቀመጥ፣ ወልዴ። ሁለተኛ አላነሳብህም» አለው። አባቴ የወንድሙን ጉልበት ስሞ አለቀሰ። እኔ ግቢው ውስጥ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

እራት ከቀረበ በኋላ ነው ጋሽ ተክሌ ወደኔ የዞረው። «ያባትህን ነገር ተውኩ። አንተስ? ከእኔ ጋር ብትሄድ። ፈረስ አለ። መሬቱ ያንተ ይሆናል። እኔም ማታ ማታ የማዋራው ሰው አገኛለሁ።» አባቴ፣ «ልጁን ራሱን ይጠይቁት» አለ። 

«አልሄድም» አልኩ።

«ለአንድ ክረምትስ? አይተኸው ትመለሳለህ።»

«አልሄድም አልኩ፣ አልሄድም።»

እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ጋሽ ተክሌ ግን ሳቀ። «የኛው ግትር ነው፣ ሌላ ቦታ አልተወለደም» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ፣ «እሺ፣ ይሁን። ነገ ጠዋት ግን ኮርጆዬን ይዘህ እስከ ባቡሩ ትሸኘኛለህ፣ አይደል? ዱላና ኮርጆ አንድ ላይ አይሆንልኝም» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

የቀረውን ላሳጥረው፣ እጄም ዝሏል። እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ ቤት ስትጠርግ መደቡ ሥር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ ጦስኝ አገኘች። ከመንዝ ይዞት የመጣ ነው፣ የፊተኛዋ ሕያው ትሁን ሙት ሳያውቅ። ለማን እንደሆነ አልተናገረም። እናቴ በዚያው ጥግ ጭቃውን አውጥታ፣ አሸዋና ጠጠር ሞልታ ተከለችው። ማናችንም አላጠጣንም፤ ሐሩሩ ሲብስ ኤዶ ሃዋ በአጥሩ ቀዳዳ ጣቷን እየሰደደች፣ «ተዉት፣ ደህና ነች» ትለናለች። ሰፍታ አልሰፋችም፣ ግን ኖረች። ለሻይ ስንቆነጥርላት ኤዶ ሃዋ በግመል ወተት ትጠጣው ነበር። ጋሽ ተክሌ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። አባቴ ለለቅሶ ደርሶ ሲመለስ መሬቱን ሌሎች ዘመዶች ይዘውታል አለን፣ አልተከራከረም። ጋሽ ተክሌ ሲሞት ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር አሉ።

አሁን እኔ ያኔ ከነበረው ከእሱ ዕድሜ አልፌያለሁ። ድሬም ሌላ ሆናለች፤ ቀትር ላይ እንኳ ባጃጁ አያስተኛም፣ ሐዲዱም የድሮው አይደለም። የልጅ ልጄ ጦስኝ በከረጢት ታመጣልኛለች፣ ውሃ ውስጥ ታጠልቀዋለች፣ «ጠጣ አባባ፣ ለደረት ጥሩ ነው» ትለኛለች። እጠጣዋለሁ። ደህና ነው። ግን ወደ መኝታዬ ስሄድ ደግፎ የሚያነሳኝ ሰው እንዳለ ሳይ፣ ማታ ማታ የሚያዋራኝ ልጅ እንዳለ ሳይ፣ ያ ሰው የለመነኝ ትንሽ ነገር እንደነበር ይገባኛል። አልሄድም ማለቴ አይቆጨኝም፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ አልሄድም እላለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጋሽ ተክሌ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ሲጠብቀኝ፣ ጣቢያ ከደረስኩ ባቡሩ ውስጥ ይከቱኛል ብዬ ፈርቼ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣሁ። ደቻቱ ወረድኩ። ስሜን ሲጠራ ሰማሁት፤ መጀመሪያ ጮክ ብሎ፣ በኋላ እየቀነሰ። አሸዋው ገና አልጋለም ነበር። በደረቴ ተኝቼ ሁለት ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩና ባቡሩ ጮሆ እስኪወጣ ድረስ አልተነሳሁም።